አካል ጉዳተኞች በእኩልነት የሚሳተፉበት ስብሰባ እንዴት ይዘጋጃል?

“ከአካል ጉዳተኞች ጎን መቆም እፈልጋለሁ፤ ግን ከየት ልጀምር?” ይህ ጥያቄ በተለያየ መልክ ደጋግሞ ይደርሰናል። መልሳችን በእጃችሁ ካለው ሥራ ጀምሩ የሚል ነው። ስብሰባ፣ ሥልጠና፣ የማኅበር ጉባኤ ወይም የወላጆች ውይይት የምታዘጋጁ ከሆነ፣ ማን ገብቶ መስማት፣ መናገርና ድምፅ መስጠት እንደሚችል አስቀድማችሁ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

መመሪያው ከ20 እስከ 100 ሰው የሚገኝበትን የአንድ ቀን ስብሰባ ታሳቢ ያደርጋል። ለአምስት ሰው የቢሮ ስብሰባም ያገለግላል፤ መጠኑ ያንሳል እንጂ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ሁሉም እርምጃዎች በአንድ አሠራር ላይ ያርፋሉ፦ መጀመሪያ መጠየቅ፣ ከዚያ መሰናክሉን ማንሳት። ሰውን ተሸክሞ ደረጃ ለማውጣት ጎረምሶች ከማዘጋጀት፣ ደረጃ የሌለበት አዳራሽ መፈለግ ይሻላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የመለኪያ ሜትር (5 ሜትር የሚደርስ) እና ማስታወሻ ደብተር
- ቢያንስ 6 ሳምንት የዝግጅት ጊዜ
- ለተደራሽነት (አካል ጉዳተኞች ገብተው እንዲሳተፉ ለማስቻል) ብቻ የተመደበ በጀት
- በስልክም በጽሑፍ መልእክትም የሚሠራ የምዝገባ መንገድ
- ቢያንስ ሁለት ማይክ፣ አንዱ ገመድ አልባ
- ሁለት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች (መስማት የተሳናቸው ተሳታፊዎች ካሉ)
- ጸጥ ያለ ትንሽ ክፍል
- የተደራሽነት ኃላፊ፦ በዕለቱ ሌላ ሥራ የማይሰጠው አንድ ሰው

1. አካል ጉዳተኞችን ከመጀመሪያው የዝግጅት ቀን አስገቡ (6 ሳምንት ሲቀር)

ቦታ ከመመረጡና ቀን ከመቆረጡ በፊት፣ የተለያየ ዓይነት ጉዳት ያለባቸው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች የአዘጋጁ ቡድን አባል ይሁኑ። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ደረጃውን ያያል፤ መስማት የተሳነው ሰው ደግሞ መብራቱንና የመቀመጫውን አቅጣጫ ያያል። አንዱ የሌላውን አይተካም።

ሁሉን ነገር ጨርሳችሁ “አስተያየት ስጡን” ብትሏቸው የሚለወጥ ነገር ስለማይኖር፣ ልፋቱ የእነሱ ይሆናል፣ ጥቅሙ ግን የለም። ለሌላ ባለሙያ የምትከፍሉ ከሆነ ለእነሱም በዚያው ልክ ክፈሉ። ምክራቸው ሙያዊ ሥራ ነው። ተናጋሪ ስትመርጡም ስለ አካል ጉዳት እንዲናገሩ ብቻ አትጋብዟቸው። የሒሳብ ባለሙያዋን ስለ ሒሳብ፣ ጠበቃውን ስለ ሕግ ጠይቋቸው።

2. በጀቱን ለብቻው አስቀምጡ

አስተርጓሚ፣ የብሬል ኅትመት፣ ትራንስፖርትና የረዳት ወጪ ከጅምሩ ራሱን የቻለ መደብ ይኑራቸው። “ጥያቄ ከመጣ እናያለን” ከተባለ፣ ጥያቄው በሚመጣበት ጊዜ ገንዘቡ አልቋል፤ ያኔ “አልቻልንም” የሚለው መልስ የሚደርሰው አካል ጉዳተኛው ጋ ነው። ከረዳት ጋር የሚመጣ ተሳታፊ ለረዳቱ የመግቢያ ክፍያ አይጠየቅ።

3. አዳራሹን ራሳችሁ ሄዳችሁ ለኩ

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። የአዳራሹ ባለቤት በስልክ “ለዊልቸር ይመቻል” ቢላችሁ አትመኑ። አንድ ደረጃ ብቻ ያለውን መግቢያ ብዙ ሰው እንደ ደረጃ አይቆጥረውም። ሜትሩን ይዛችሁ፣ ተሳታፊው ከመኪና ከሚወርድበት ቦታ ተነስታችሁ እስከ መቀመጫው፣ ከዚያም እስከ መጸዳጃ ቤቱ ያለውን መንገድ ተከተሉ።

*መወጣጫ (ራምፕ)።* ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ሂሳቡን ሥሩት፦ እያንዳንዳቸው 17 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች 51 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይሆናሉ፤ በ12 ሲባዛ 6 ሜትር ከ12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም መወጣጫ ማለት ነው። በሦስት ደረጃ ላይ የሁለት ሜትር ሳንቃ ጣል ማድረግ መፍትሔ አይደለም። ቁልቁለቱ ስለሚበዛ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል፤ ወደ ታች ሲወርድም ፍሬን ላይዝ ይችላል። ቦታው ይህን ርዝመት ካልፈቀደ አዳራሽ ቀይሩ።

*በር።* የበሩን ፍሬም ሳይሆን ማለፊያውን ለኩ። በሩን 90 ዲግሪ ከፍታችሁ፣ ከተከፈተው መዝጊያ ገጽ እስከ ትይዩው መቃን ያለው ክፍተት ከ80 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፤ 90 ቢሆን ይመረጣል። ባለ ሁለት ተካፋች በር ከሆነ አንዱ ብዙ ጊዜ ተቀርቅሮ ይቀመጣልና፣ በዕለቱ ሁለቱም እንዲከፈቱ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደፍ የዊልቸርን ትንንሽ የፊት ጎማዎች ሊያቆም ስለሚችል እሱንም መዝግቡ።

*ውስጥ።* በወንበሮች መካከል ያለው ዋና መተላለፊያ ከ90 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ዊልቸር ለመዞር 150 በ150 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ጠረጴዛው ከሥሩ ጉልበት የሚያስገባ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ከሌለው፣ ዊልቸር ተጠቃሚው ከጠረጴዛው ርቆ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ለመጻፍ ይገደዳል።

*መጸዳጃ ቤት።* እንደ በሩ ሁሉ 80 ሴንቲ ሜትር ማለፊያ፣ ውስጡ 150 ሴንቲ ሜትር መዞሪያ፣ ከመቀመጫው ጎን ጠንካራ የእጅ መደገፊያ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት መዝጊያ። ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ዊልቸሩ ከገባ በኋላ በሩ አይዘጋም። የሚጠቀሙበት መጸዳጃ እንደሌለ የሚያውቁ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ፤ ካልሆነም እኩለ ቀን ላይ ጥለው ይሄዳሉ። ምቹውን መጸዳጃ ቤት የዕቃ ማስቀመጫ አድርገው የሚቆልፉ አዳራሾችም አሉና በሩን ከፍታችሁ ግቡ።

*መድረክ።* አዳራሹ ሁሉ ተስተካክሎ መድረኩ የሚረሳበት ጊዜ ብዙ ነው። መድረኩ መወጣጫ ከሌለው ተናጋሪዎች በሙሉ ወለሉ ላይ ይቀመጡ። አንዷን ተናጋሪ ከታች፣ ሌሎቹን ከላይ ማስቀመጥ ስድብ ነው።

ከመሬት ጋር እኩል ባልሆነ ፎቅ ላይ ያለ አዳራሽ የምትመርጡት ሌላ ሲጠፋ ብቻ ይሁን። ከመረጣችሁም ሊፍቱ ስብሰባው በሚካሄድበት ቀንና ሰዓት እንደሚሠራ አረጋግጡ። በሥራ ቀን የሚሠራ ሊፍት በዕረፍት ቀን ሊጠፋ ይችላል።

4. በምዝገባ ቅጹ ላይ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቁ (5 ሳምንት ሲቀር)

“የአካል ጉዳትዎ ምንድን ነው?” አትበሉ። ማንም ሕመሙን ወይም ጉዳቱን ለአዘጋጅ የማስረዳት ግዴታ የለበትም፤ መልሱም ለዝግጅት አይጠቅማችሁም። “የማየት ችግር” የሚል መልስ ብሬል ይፈልግ እንደሆነ፣ ትልልቅ ፊደል ወይም በኢሜይል የሚላክ ፋይል ይሻለው እንደሆነ አይነግራችሁም። ይልቁን እንዲህ ጻፉ፦

“በስብሰባው ሙሉ ለሙሉ ለመሳተፍ ምን እንዲመቻችልዎ ይፈልጋሉ? የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ / በቀጥታ የሚጻፍ ጽሑፍ / ብሬል / ትልልቅ ፊደል / ኤሌክትሮኒክ ፋይል / የዊልቸር ቦታ / ከረዳት ጋር መምጣት / ጸጥ ያለ ማረፊያ / ሌላ”

የመጨረሻ ቀኑን ከስብሰባው 3 ሳምንት በፊት አድርጉት፤ ዘግይቶ የሚጠይቅ ሰው ቢኖርም የምትችሉትን እንደምታደርጉ ጻፉበት። መመዝገቢያው አንድ ብቻ አይሁን። በስልክ ብቻ ከሆነ መስማት የተሳናቸውን፣ በወረቀት ብቻ ከሆነ ማየት የተሳናቸውን ታስቀራላችሁ። መልሶቹን የተደራሽነት ኃላፊው ብቻ ይያዝ፤ በቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጠፍ።

ማሟላት የማትችሉት ነገር ካለ ወዲያው ንገሩ፣ አማራጭም አቅርቡ። አዳራሹ ከደረሱ በኋላ “ይቅርታ፣ አልተገኘም” ከመባል፣ ቤት ሆኖ ማወቅና መወሰን ይሻላል።

5. አስተርጓሚ ያዙ

ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚቆይ ስብሰባ ሁለት አስተርጓሚ ያስፈልጋል። በየ20 እስከ 30 ደቂቃው ይቀያየራሉ። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ መተርጎም አእምሮን የሚያደክም ሥራ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን ሲቀጥል ስሕተቱ ይበዛል፣ የሚዘለለው ሐሳብም ይበረክታል። መስማት የተሳነው ተሳታፊ ደግሞ ምን እንደተዘለለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

- የምልክት ቋንቋ በዓለም ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። ተሳታፊዎቹ የትኛውን እንደሚጠቀሙና የትኛውን አስተርጓሚ እንደሚያምኑ እነሱኑ ጠይቁ።
- የተሳታፊውን ልጅ ወይም ዘመድ “አንተ ታውቃለህ፣ ተርጉምለት” አትበሉ። ሙያው አይደለም፤ የሚነገረውም ነገር ቤተሰብ ፊት የማይነገር ሊሆን ይችላል።
- ንግግሮችን፣ የተናጋሪዎችን ስምና አሕጽሮተ ቃላትን ከአንድ ሳምንት በፊት ለአስተርጓሚዎቹ ላኩ።
- አስተርጓሚው ከተናጋሪው አጠገብ ይቁም፤ ብርሃን ፊቱና እጁ ላይ ይረፍ። ከኋላው መስኮት ካለ ጥላ ብቻ ይታያል። ቪዲዮ ለማሳየት መብራት ሲጠፋም አስተርጓሚው ላይ ያለው አይጥፋ።

የመስማት ችግር ያለበት ሁሉ የምልክት ቋንቋ አያውቅም። በተለይ አድገው መስማት ያቆሙ ሰዎች በስክሪን ላይ በቀጥታ የሚጻፍ ጽሑፍ ይጠቅማቸዋል፤ ፈጣን ጸሐፊ፣ ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ይበቃል። በከንፈር ንባብ ላይ ብቻ አትተማመኑ፤ ከድምፆች ከፊሉ በከንፈር ላይ አይለይም።

6. ሰነዶችን አዘጋጁ (1 ሳምንት ሲቀር)

በአማርኛ ሰነድ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ችግር ፋይሉ በስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር (ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ በሚያነብ ፕሮግራም) አለመነበቡ ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛ፣ ወረቀቱ ስካን ተደርጎ ፒዲኤፍ ሆኗል፤ ለሶፍትዌሩ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ሁለተኛ፣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮችና ስልኮች የሚጋሩት የፊደላት አሠራር) ባልሆነ የቆየ የግዕዝ ፊደል ተጽፏል፤ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፣ ለሶፍትዌሩ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ለማረጋገጥ ከሰነዱ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ በስልክ መልእክት መጻፊያ ላይ ለጥፉ። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ይነበባል፤ የተመሰቃቀለ ፊደል ከመጣ ወይም ኮፒ ካልተደረገ እንደገና በዩኒኮድ ይጻፍ።

ለትልቅ ኅትመት ፊደሉ ቢያንስ 18 ነጥብ ይሁን፤ ጥቁር በነጭ፣ ጌጥ የሌለው ፊደል፣ የማያብረቀርቅ ወረቀት። ብሬል ከዕለቱ በፊት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ አንድ የታተመ ገጽ ወደ ብሬል ሲዞር ከአንድ ገጽ ይበልጣል። ሥዕልና ሰንጠረዥ ካለ ይዘቱን በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ከሥሩ ጻፉ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ተሳታፊዎች ካሉ አጀንዳውን በአጭር ዓረፍተ ነገር፣ በአንድ መስመር አንድ ሐሳብ አድርጋችሁ ለብቻው አዘጋጁ፤ አስቀድመው ከሚያምኑት ሰው ጋር እንዲያነቡት ላኩላቸው።

7. መቀመጫውን አሰናዱ (በዋዜማው)

ለዊልቸር የሚሆነውን ቦታ ወንበር በማንሳት በተለያዩ ረድፎች ውስጥ ክፈቱ። ሁሉንም ከኋላ ወይም ከጥግ አንድ ላይ አታድርጉ፤ ሰው ከጓደኛው ጋር መቀመጥ ይፈልጋል። መስማት ለተሳናቸው ከፊት፣ አስተርጓሚው ከሚቆምበት ፊት ለፊት ቦታ ያዙ። የኤሌክትሪክ ገመዶችን ከመተላለፊያ አንሱ ወይም በደንብ ለጥፏቸው፤ ነጭ በትርና ክራንች ይጠልፋሉ።

8. በዕለቱ ተቀበሉ

ማየት የተሳነውን ሰው ስትመሩ እንዲህ አድርጉ፦

1. ስማችሁን ተናገሩ፤ “ላግዝዎ?” ብላችሁ መልሱን ጠብቁ። “አያስፈልግም” ካሉ ነገሩ በዚያው አበቃ።
2. ክንዳችሁን ስጡ። ከክርናችሁ በላይ የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ እናንተ አትያዟቸው። ክንድ ሲይዙ የሰውነታችሁ እንቅስቃሴ ይነግራቸዋል፤ ስትገፏቸው ግን ፊት ለፊታቸው ያለውን አያውቁም።
3. ግማሽ እርምጃ ቀድማችሁ ሂዱ።
4. ጠባብ ቦታ ሲመጣ ክንዳችሁን ወደ ጀርባችሁ አዙሩ፤ ከኋላችሁ ይሰለፋሉ።
5. ደረጃ ላይ ስትደርሱ ቁሙ፤ “የሚወጣ ደረጃ ነው” ወይም “የሚወርድ” በሉ። ሲያልቅም ተናገሩ።
6. ወንበሩ ጋ ስትደርሱ እጃቸውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ እንዲያሳርፉ አድርጉ። ትከሻ ይዞ ማስቀመጥ አይገባም።
7. ስትለዩ “እኔ ልሄድ ነው” በሉ። አለበለዚያ ለባዶ ቦታ ሲያወሩ ይቀራሉ።

በትሩን አትያዙ፣ መሪ ውሻ ካለም አትደባብሱ፤ በሥራ ላይ ነው።

ዊልቸር የባለቤቱ አካል ያህል ነው። ሳትጠይቁ አትግፉት፣ አትደገፉበት፣ ከባለቤቱም አታርቁት። ረዘም ያለ ንግግር ከሆነ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፤ አንገት ቀና አድርጎ መቆየት ያማል። ንግግር የሚከብደውን ሰው ዓረፍተ ነገሩን አትጨርሱለት። ያልገባችሁን ገባን አትበሉ፤ የገባችሁን ደግማችሁ “ትክክል ነው?” ብላችሁ ጠይቁ።

9. ውይይቱን ምሩ

እያንዳንዱ ተናጋሪ ማይክ ይያዝ። “ድምፄ ይሰማል፣ ማይክ አያስፈልገኝም” የሚል ሰው አይጠፋም፤ ግን የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች ከርቀት የሚመጣ ድምፅ ከአዳራሹ ጫጫታ ጋር ይቀላቀልባቸዋል። ሁሉም ስሙን እየተናገረ ይጀምር፤ ማየት የተሳነውም አስተርጓሚውም ማን እየተናገረ እንደሆነ የሚያውቁት በዚህ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይናገር። “እዚህ ላይ እንደምታዩት” የሚል ተናጋሪን “ምን እንደሆነ ይንገሩን” ብላችሁ አስቁሙ።

ትርጉም ከንግግሩ ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ጥያቄ ካቀረባችሁ በኋላ እስከ 10 ቆጥራችሁ ዕድል ስጡ። ወዲያው እጅ ያወጣውን ብቻ የምታስተናግዱ ከሆነ መስማት የተሳናቸው ሁልጊዜ ይቀደማሉ። ድምፅ ሲሰጥም በእጅ ማውጣት ብቻ ከሆነ የቆጠራውን ውጤት በቃል ተናገሩ። በየሰዓት ተኩሉ ቢያንስ 15 ደቂቃ ዕረፍት ይኑር፤ መጸዳጃ ቤት ደርሶ ለመመለስ ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈልጉ አሉ።

10. አድልዎ ስታዩ ጣልቃ ግቡ

ሰዎች ለአካል ጉዳተኛው የሚገባውን ጥያቄ ለረዳቱ ወይም ለአስተርጓሚው ሲያቀርቡ ታያላችሁ፦ “ምን ይፈልጋል?” ያኔ ቁጣም ስብከትም አያስፈልግም። “እሳቸውን ይጠይቋቸው” ብላችሁ ወደ ባለቤቱ መልሱት። የአካል ጉዳተኛው ሐሳብ ተወስዶ ሌላ ሰው ሲመሰገንበት “ይህን ቀደም ብለው ያነሱት እሳቸው ናቸው” በሉ። ተሳዳቢ ቃል ከተነገረ ወዲያው፣ በአጭሩ አርሙና ወደ አጀንዳው ተመለሱ፤ ነገሩን ካስረዘማችሁት የስብሰባው ርዕስ የተሰደበው ሰው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ለብቻው አግኝታችሁ “ሌላ እንድናደርገው የሚፈልጉት ነገር አለ?” ብላችሁ ጠይቁት። አቤት ማለት ወይም መተው የእሱ ውሳኔ ነው።

11. ለድንገተኛ አደጋ ተዘጋጁ

⚠ እሳት ሲነሳ ሊፍት መጠቀም አይገባም፣ የድምፅ ማንቂያም መስማት ለተሳናቸው አይደርስም። ስብሰባው ሲጀመር መውጫዎቹን በቃል ግለጹ። እገዛ የሚፈልጉ ሰዎች ማን እንዲያግዛቸው እንደሚፈልጉና እንዴት መያዝ እንዳለባቸው ከእነሱው ጋር ተነጋገሩ፤ መስማት ለተሳናቸው መብራት ደጋግሞ በማብራትና በማጥፋት እንደምታሳውቁ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

⚠ የሚጥል በሽታ ቢነሳ፦ ሰዓት ያዙ፣ ሹልና ጠንካራ ዕቃ አርቁ፣ ከጭንቅላት ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎን አስተኙ። እጅና እግር አትጨብጡ፤ አፍ ውስጥ ምንም ነገር አትክተቱ፣ ጥርስ ይሰብራል፣ ያንቃልም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቁ ከተደገመ አምቡላንስ ጥሩ። በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም የሚል ቪዲዮና መብራትም ከዝግጅቱ አውጡ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- አካል ጉዳት የሌለበትን ሰው “ጤነኛ” ማለት። አካል ጉዳተኛው ታማሚ አይደለም፤ “አካል ጉዳት የሌለበት” በሉ።
- ሳያስፈቅዱ ፎቶ አንስቶ ለሪፖርት ማዋል። የዝግጅቱ መልካምነት ማስረጃ እንዲሆኑ አልመጡም።
- ማንም አልጠየቀም ብሎ አስተርጓሚውን ወይም መወጣጫውን መተው። ማስታወቂያው ላይ ምን እንደተዘጋጀ ካልተጻፈ፣ ሰዎች የለም ብለው ይቀራሉ።
- “እንዴት ጎበዝ ናት፣ በዚህ ሁኔታ ሆና!” እያሉ ማወደስ። ስለ ሐሳቧ ተናገሩ።
- አንድ ሰው “ይህ አልተመቸኝም” ሲል ስለ ልፋታችሁ ማስረዳት። “እናመሰግናለን፣ አሁን ምን እናስተካክል?” ይበቃል።

12. ከስብሰባው በኋላ (በ1 ሳምንት ውስጥ)

ለተሳታፊዎች ሦስት ጥያቄ ላኩ፦ መግባትና መንቀሳቀስ ያስቸገረዎ የት ነው? ያልተከታተሉት የውይይት ክፍል ነበር? ጠይቀው ያላገኙት ነገር አለ? በድምፅም በጽሑፍም መመለስ ይቻል። እያንዳንዱን ችግር ከሚያስተካክለው ሰው ስምና ከቀኑ ጋር መዝግቡ፤ ዝርዝሩን ላነሱት ሰዎች መልሳችሁ ላኩ። የአዳራሹን ልኬትና የአስተርጓሚዎቹን አድራሻም ከዚሁ ጋር አስቀምጡ፤ ቀጣዩን ስብሰባ የሚያዘጋጀው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።